ለቀድሞው አሰልጣኝ የተላኩት ሽማግሌዎች

የገዛ አባቴ ባሌን ከሥራው ሊያስነሳ ሽማግሌ ሆኖ ሄደ ብል ማን ያምነኛል? ሄደ እንጂ! ያውም እኔው አጥቤ ያሰጣሁለትን ጋቢ ደርቦ።

ባሌ እዚህ ሐይቅ ከተማ የስፖርት መምህር ነው። የከተማችንን የእግር ኳስ ቡድን የተረከበው የቀድሞው አሰልጣኝ ሥራው ወደ ውጫሌ ሲዛወር ነው። ውጫሌ ደግሞ ባሕር ማዶ አይደለም፤ ሚኒባስ ውስጥ የጀመሩትን ወሬ ሳይጨርሱ ይደረሳል። የእኛ ደጋፊ ግን ሰውየውን ቀብሮ እንደተመለሰ ሰው አዘነ። የሌላ አገር ደጋፊ ያጨበጭባል፣ ይጨፍራል፤ የእኛው ገና ጨዋታው ሳይሞቅ በአምባሰል ቅኝት ያንጎራጉራል፦

ሐይቁ ሞልቶ ሳለ ምነው ጠማኝ ውሃ፣
እሱ ከሄደማ ሜዳዬ በረሃ።

እስቲ እንዲህ እየተንጎራጎረለት ማን ኳስ ይጫወታል? ልጆቹ እኮ እግራቸው ይተሳሰራል።

ሰውየውን እኔም እወደው ነበር፤ አልዋሽም። ሲሸነፉ ከልጆቹ ጋር ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያለቅስ፣ ሲያሸንፉ የልጆቹን እናቶች እየዞረ «እንኳን ደስ ያለሽ» የሚል ሰው ነው። ግን ይሸነፍ ነበር እኮ! ይህን ስናገር ከተማው በሙሉ ይቆጣኛል። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው እንደሚባለው፣ ሰውየው ከሄደ ወዲህ አንድም ቀን ተሸንፎ አያውቅም። ያኔ ዝናቡ ነበር፣ ዳኛው ነበር፣ ሜዳው ነበር። ባሌ ሲሸነፍ ግን የተሸነፈው ባሌ ነው። ሲያሸንፍም «ያ ያስተማራቸው መቼ ይጠፋቸዋል» ይባላል። ኧረ የግሸኗ እመቤት ትፍረደኝ!

ባሌ ኳሷን መሬት ለመሬት ተቀባበሉ ይላል፤ ደጋፊው «አርቀህ ለጋት!» እያለ ይጮህበታል። ቤት ሲገባ ታዲያ ቲማቲሙንና ሽንኩርቱን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ አሰላለፉን ያሳየኛል። ተከላካይ የሆነውን ቲማቲም ለወጥ ካነሳሁበት ጉድ ይፈላል! «ቆይ እንጂ፣ ግራ በኩል ክፍት ሆነ እኮ!» ይለኛል። ያን ጊዜ ፊቱ ይበራል፣ የተጋባን ሰሞን የነበረውን ፊት አየዋለሁ። አሰልጣኝነቱን ከቀሙት ይህ ፊት እንደሚጠፋብኝ አውቅ ነበር፤ ፍርሃቴም ይኸው ነበር።

አንድ ቅዳሜ በሜዳችን ተሸነፍንና ደጋፊው ተሰብስቦ መከረ። የተጣላን የምናስታርቀው፣ ሚስት የምንጠይቀው በሽማግሌ አይደል? አሰልጣኝም በሽማግሌ ይመለሳል ብለው አንድ ቄስ፣ አንድ ሼህና አባቴን መረጡ።

«አባዬ፣ የልጅህ ባል እኮ ነው!» አልኩት።

«እሱን መች ጠላሁት? ያኛውን ወደድኩ እንጂ» አለኝ፣ ጋቢውን እያስተካከለ።

ባሌ ሲሰማ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ይዘውት ከመጡ ፊሽካውን አስረክባለሁ» አለና ቲማቲሞቹን እያነሳ ወደ ቅርጫት መለሳቸው። እዚያው እንባዬ መጣ።

ጠዋት ሄደው ከሰዓት በኋላ ሦስቱም በራችን ላይ ተገተሩ። የድሮው አሰልጣኝ አብሯቸው የለም። ደስ ሊለኝ ሲል «ግቡ፣ ተቀመጡ» ብንላቸው «እሺ ሳትሉን አንቀመጥም» አሉ ቄሱ። ክው አልኩ። ሽማግሌ ለጉዳይ ከመጣ እሺ ካልተባለ ወንበር አይነካም፤ ጉዳዩ ደግሞ ምን ሊሆን ይችላል? ሰውየው ሊመለስ ተስማምቶ፣ ባሌን ቦታውን ልቀቅ ሊሉት ነዋ!

ባሌ አማቱ ቆመው ማየት አይችልም። ላብ አጠመቀውና፣ «አባባ፣ የመጣችሁበትን እሺ ብያለሁ፤ ብቻ ይቀመጡልኝ» አለ።

ሳይሰማ እሺ አለ! ሰዎች ባይኖሩ በማማሰያ ነበር የምለው።

ሼሁ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «አብሽሪ ልጄ» አሉኝና ነገሩን አወጉን። ውጫሌ ደርሰው እንደ ወጉ ቆመው ለመኑት። ሰውየው እስከ መጨረሻው ሰማቸውና፣ «እኔ ሐይቅ የመጣሁ ጊዜ፣ ከእኔ በፊት የነበረውን እንመልስ ብላችሁ ደሴ ድረስ የሄዳችሁት ሽማግሌዎች እነማን ነበራችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው። ተያዩ። እነሱው ነበሩ!

«ወላሂ ረስተነው ነበር» አሉ ሼሁ፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

«ያኔ ባዶ እጃችሁን ስለተመለሳችሁ ነው እኔን የወደዳችሁኝ» አላቸው ሰውየው። «አሁን ደግሞ እኔ እናንተን ሽማግሌ አድርጌ ልኬያለሁ። ሂዱና ያንን ልጅ እንዳይሄድባችሁ ለምኑልኝ።» ሽማግሌ የተላከበት እንቢ ይል ይሆናል እንጂ የተላከ ሽማግሌ እንቢ አይልም፤ ቃሉን ይዘው መጡ።

«እንግዲህ እሺ ብለሃል» አሉት ቄሱ፤ «ከቡድኑ ንቅንቅ የለም።» ተቀመጡ። ሼሁም ተቀመጡ። አባቴ ብቻ ቆሞ ቀረ።

«አባባ፣ እርስዎስ?» አለ ባሌ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠራረገ። እንዲህ ሲያፍር አይቼው አላውቅም። «ልጄ፣ እኛ ሰው የምንወደው ከሄደ በኋላ ነው፤ አመላችን ነው። አንተን ግን ሳትሄድ ልንሞክር ነው» አለው።

ባሌ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ድምፁ እንቢ አለው። የእኔ መቼ እንቢ ብሎኝ፤ ቤቱን በእልልታ አናጋሁት።