ጆንያውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ

ባለፈው ቅዳሜ ከሶዶ ገበያ አንድ እስር የእንሰት ቃጫ ገዝቼ በባጃጅ ስመለስ ሽታው፣ ያ እርጥብና ኮምጠጥ ያለው ሽታ፣ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝ። ሌላ ሰው እናቱን ያስታውስበት ይሆናል፤ እኔን ያስታወሰኝ ቡጢን ነው።

አጎቴ ጫናሎ ኮሪያ ዘምቶ ሲመለስ ይዞልን የመጣው አንድ ጥንድ የቡጢ ጓንትና ማለቂያ የሌለው ወሬ ነበር። ግቢያችን ውስጥ ካለው ዋንዛ ላይ አሸዋና ቃጫ የጠቀጠቀበትን ጆንያ ሰቀለና ሁለት ጎረምሶች ማሠልጠን ጀመረ፤ አንዱ የእህል ነጋዴው ልጅ ሰይፉ፣ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ሌላው ታላቅ ወንድሜ አንጁሎ፣ አጭርና ቀጭን፣ ጓንቱ እንኳ የሚሰፋው። ጆንያው እየተወዛወዘ ስላስቸገረ ከጀርባው ሆኖ አቅፎ የሚይዝ ሰው አስፈለገ። ለዚህ ሥራ ወንድ ጠፋና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የነበርኩት እኔ ተገኘሁ። አጎቴም የቡጢን ኃይል የሚለካው በእኔ ነበር፤ ስንት እርምጃ ወደ ኋላ እንደተገፋሁ እያየ በእንጨት መሬቱን ይጭራል።

ሰይፉ ሲመታ ሦስት እርምጃ እገፋ ነበር። አንጁሎ ሲመታ ከቆምኩበት ንቅንቅ አልልም። የሰይፉ ግን ግፊያ ነበር፣ በገበያ ቀን በሬ በትከሻው እንደሚገፋው ያለ፤ የአንጁሎ ቡጢ ጆንያውን ሳያንቀሳቅስ በውስጡ አልፎ የጎድን አጥንቴ ሥር ይደርስና ትንፋሼን ቆርጦ ይመለሳል። በማግስቱ ውኃ ስቀዳ የሚያመኝ የእሱ ነበር። ምክንያቱንም ከጆንያው ሥር እግሮቻቸውን እያየሁ ደረስኩበት፤ የአንጁሎ ተረከዝ ቀድሞ ይነሳል፣ ወገቡ ይከተላል፣ ክንዱ መጨረሻ ይመጣና እንዳረፈ ይሰበሰባል። እናቴም እንሰት ስትፍቅ እንዲሁ ከተረከዟና ከወገቧ ነበር የምትጫነው፤ በክንዳቸው ብቻ የሚፍቁት ጎረቤቶቻችን እኩለ ቀን ሳይሞላ ይዝላሉ። ሰይፉ በክንዱ ብቻ ነበር የሚመታው።

አንድ ክረምት ከአዲስ አበባ አንድ አሠልጣኝ እንደሚመጣና አጎቴ የሚያቀርብለትን አንድ ልጅ ብቻ ይዞ እንደሚሄድ ተሰማ። አንጁሎ እህል መቅመስ አቆመ፤ ከሶዶ መውጫ ሌላ መንገድ አልነበረውም። የምርጫው ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ግቢያችን ሞልቶ፣ አጎቴ እንጨቱን ይዞ፣ የሰይፉን ሦስት እርምጃ ጭሮ ሲጨርስ አላስቻለኝም።

«ጋሼ፣ የአንጁሎ ነው የሚከብደው። ሰይፉ ይገፋል እንጂ አይመታም።»

«ስሙልኝ እንግዲህ!» አለ አጎቴ እየሳቀ። «ኮሪያ ድረስ የሄድኩት እኔ፣ ቡጢ የምታውቀው አስቴር!»

«እንግዲያው እርስዎ ይያዙትና ይዩት።»

ሰዉ ሳቀ፤ አጎቴ ግን ሳቁን ገታ አድርጎ እንጨቱን ጣለና ወደ ጆንያው አንድ እርምጃ ተራመደ። ጆንያውን ለመያዝ ሌላ አንድ እርምጃ ብቻ ቀርቶት ነበር። ያቆመው አንጁሎ ነው።

«አንቺ፣ ዝም አትይም?» ብሎ ጮኸብኝ፣ ፊቱ ቀልቶ። «በሴት ልጅ ምስክርነት ልመረጥ? ምን አደረግሁሽና ነው የምታዋርጂኝ!»

አጎቴ ተመልሶ እንጨቱን አነሳ። ሰይፉ ሄደ። አንጁሎ ቆላው ሁምቦ ወርዶ በዚያ ሙቀት በቆሎ ሲያርስ ኖረ። አጎቴ ደግሞ እስኪሞት ድረስ በየለቅሶ ቤቱ «የአንጁሎ ክንድ የተለየ እንደሆነ እኔ ያኔውኑ አውቄ ነበር» ይል ነበር፤ እኔ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጬ እሰማዋለሁ፣ አንድም ሰው ዞር ብሎ አያየኝም።

አንጁሎ ከመሞቱ በፊት ልጠይቀው ሁምቦ ወርጄ ነበር። ደጃፉ ላይ እንደተቀመጥን ወደ በቆሎው እያየ፣ «አስቴር፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ የማን ነበር የሚከብደው?» አለኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት ጥያቄ ነበር። «ረሳሁት» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ። አሁን የእሱን ቡጢ ክብደት የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ቀርቻለሁ፤ ማወቅ ለነበረበት ለአንዱ ሰው ግን አልነገርኩትም።