በአባቴ ጀርባ ላይ

የሚቆላ ተልባ ሽታ ከጎረቤት ሲመጣብኝ፣ እስቴ ውስጥ ያሳለፍነው የዚያ ዓመት ክረምት ከነጭጋጉ ይመለስብኛል። አባቴ እህል አልስማማው ብሎ፣ እናቴ ቆልታና ወቅጣ የምትበጠብጥለትን ተልባ ብቻ እየጠጣ ይውል ነበር። «ጨጓራዬ ነው፣ ክረምቱ ሲወጣ ይተወኛል» ይለን ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባውን እንዳጥበው ይጠራኝ ነበር። አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። አንድ ቀን ከትከሻው ሥር፣ ከቆዳው ውስጥ፣ ሽምብራ የሚያህል ጠጣር ነገር ለእጄ ተሰማኝ። በሳምንቱ ሦስት ሆኑ፤ ነሐሴ ሲገባ እምብርቱ ዙሪያም ወጥተው አየኋቸው።

«አባባ፣ ይህ ምንድን ነው? ያምዎታል?»

«አያመኝም» አለኝና እጄን ያዘ። «አጎትሽ እንዳይሰማ። ለእናትሽም አትንገሪ» አለኝ።

አጎቴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ለአንድ ባለጸጋ ልጅ ሊድረኝ ሽማግሌ ተቀብሎ፣ የአባቴን እሺታ ይጠብቅ ነበር። አባቴ ግን መካነ ኢየሱስ ከተማ ካለችው እህቱ ዘንድ ተቀምጬ እንድማርለት ይፈልግ ነበር።

«የምሞት ከመሰለው፣ ሠርጓን ሳታይ አትሂድ ብሎ ያጣድፈኛል። መስከረም እስኪጠባ ቻይልኝ፣ ልጄ።»

ቻልኩ። ያን ክረምት አሁን ሳስበው ሕልም ይመስለኛል፤ ጭጋጉ ከገብሱ ማሳ ተነስቶ ደጃፋችን ድረስ ይመጣና፣ ከእኔና ከአባቴ በቀር በምድር ላይ ሰው የሌለ እስኪመስል ሁሉም ጸጥ ይል ነበር፣ እኔም ለብ ባለ ውኃ እያጠብኩት፣ ጣቶቼን አቅልዬ በእብጠቶቹ ላይ አልፍ ነበር።

መስከረም ሲጠባ፣ ባቄላው አብቦ መንገዱን ሁሉ ሲያውደው፣ አባቴ በትሩን ተደግፎ፣ በየዛፉ ሥር እያረፈ መካነ ኢየሱስ አደረሰኝ። የትምህርት ቤቱ መዝጋቢ የልጅቱን አባት ስም ሲጠይቅ፣ በጉዞው ድካም መናገር እንኳ አቅቶት የነበረው ሰው ስሙን ጮክ ብሎ ተናገረ።

ኅዳር ላይ፣ ገብሱ ሲታጨድ፣ አክስቴ ወደ ቤት ይዛኝ ተመለሰች። አባቴ ከስቶ፣ እብጠቶቹ አንገቱና ደረቱ ላይ ወጥተው ነበር። ጠበሉም ተሞክሮ አልሆነም። በደረስን በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አረፈ።

ከቀብሩ በኋላ አጎቴ «ምነው ለእኔ የሚነግረኝ ጠፋ?» እያለ ሲያለቅስ አላስችል አለኝና፣ እናቴ እግር ሥር ወድቄ እብጠቶቹን ክረምቱን ሙሉ እንደደበቅኳት ነገርኳት።

ቀና አደረገችኝና «አብሬው የምተኛ ሴት፣ እጄ የማያገኛቸው መስሎሽ ነው? ከአንቺ በፊት አውቄያለሁ። ትምህርት ቤት እስክትገቢ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለችኝ።

የአባቴ ቃል ጸንቶ፣ አክስቴ ዘንድ ተመልሼ ተማርኩ፤ ነርስም ሆንኩ። ዛሬ እንዲያ ያለ እብጠት ሲገኝ፣ ሐኪሙ ከጨጓራ ተነስቶ ወደ ቆዳ የተዛመተ ካንሰር መሆኑን መርምሮ ያውቃል፤ ማዳኑ ያኔም ዛሬም ቢከብድ፣ ሥቃዩን ማስታገሻ አለ። አባቴ ያንን እንኳ አላገኘም። እኔን ግን አሁንም የሚከነክነኝ ሌላ ነው፦ ሐኪሙ ቤተሰቡን ሰብስቦ ሲነግራቸው፣ ከታማሚው አልጋ ዙሪያ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አያለሁ። እኛ ሦስታችንም እናውቅ ነበር፤ ግን በአንድ ጣራ ሥር ለየብቻችን አለቀስን። ስለዚህ እነዚያ ቤተሰቦች አብረው እንባቸውን እስኪጨርሱ፣ የክፍሉን በር ቀስ አድርጌ እዘጋላቸዋለሁ።