«አንዛመድም» የሚል ወረቀት

ናፊያ ስትናደድ እጇ አርፎ አይቀመጥም። የዚያን ዕለት ጠዋት በሐረር፣ ኤረር በር አጠገብ ባለው መድኃኒት ቤት የሽሮፑን መደርደሪያ አውርዳ ጠረገች፣ መልሳ ደረደረች፣ አልረካችምና እንደገና አወረደች። አህያቸውን ደጅ አስረው የገቡ አንድ ገበሬ «ያንን ቀይና ጥቁሩን ካፕሱል ስጪኝ እስቲ» ቢሏት «ሐኪም ሳያዝ አይሰጥም!» ብላ ጮኸችባቸው። ሰውየው ደንግጠው ወጡ። ምን አጠፉ? ምንም። ያጠፋው ከባሕር ማዶ የመጣው ኢሜይል ነው፤ ኢሜይል ላይ ደግሞ ቢጮኹበት አይሰማም።

ናፊያ ጀጎል ውስጥ ተወልዳ ጀጎል ውስጥ ያደገች የሐረሪ ልጅ ናት። ፋርማሲ ተምራ እንደ ጨረሰች ለአንድ አዲስ የወባ መድኃኒት በሚደረግ ጥናት የመድኃኒቱ ኃላፊ ሆና ተቀጠረች። የትኛው በሽተኛ የትኛውን እሽግ እንደ ወሰደ የምታውቀው እሷ፣ መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው እንዳይሞቅ የምትሯሯጠው እሷ ነበረች። ሥራውን ወደደችው። ከዚያ አንድ ቀን ገንዘቡን የሚሰጡት ሰዎች በጀት ተዘግቷል አሉና ጥናቱ ሳያልቅ አለቀ። ማቀዝቀዣው ባዶውን ቀረ፤ ናፊያም ወደ አቶ ለገሠ መድኃኒት ቤት መጥታ የራስ ምታት ክኒን ትቆጥር ጀመር።

ከዚያ ወዲህ ሥራ መፈለግ ራሱ ሥራዋ ሆነ። «ፋርማሲስት አጣን፣ የምርምር ባለሙያ አጣን» እያለ የሚጮኸው አገር ሁሉ፣ ማስታወቂያውን አንብባ አንብባ ግርጌው ላይ ስትደርስ «ቪዛ ስፖንሰር አናደርግም» ይላታል። ሰው ጠርቶ በር መቆለፍ ማለት ይኼ ነው። አንዱ ቀጣሪ ቃለ መጠይቁን ካሳለፋት በኋላ ፓስፖርቷን ሲያይ ድምፁ ጠፋ፤ ብትጽፍለት አይመልስ፣ ብትደውልለት አያነሳ። በቴሌግራም ያሉትንስ ደላሎች ምን ይሏቸዋል? «ስፖንሰር ያለው ሥራ፣ በአጭር ጊዜ» ይላሉ። ሲጀምሩ «እህቴ»፣ ሲጨርሱ «ቅድሚያ ላኪ»። ናፊያ አንዱን «ሂድና የገዛ እህትህን አታልል!» ብላ ዘጋችው። እናቷ ወይዘሮ ሳዳ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያሉ ሲያሾፉባት መጀመሪያ መጀመሪያ ትስቅ ነበር። በኋላ ግን መሳቁን ተወችው።

በመጨረሻ አየርላንድ ያለ አንድ የሕክምና ምርምር ማዕከል «ስፖንሰር እናደርግሻለን» አላት። የሙያ ምዝገባውን፣ የእንግሊዝኛ ፈተናውን፣ በቪዲዮ የተደረገውን ጥያቄና መልስ አለፈች። የወባው ጥናት አለቃ የነበሩት ዶክተር ጌታነህም መሰከሩላት። የቀረው አሁን የምትሠራለት አሠሪ ምስክርነት ብቻ ነበር። ቅጹ «ምስክርዎ ዘመድዎ ነው ወይ?» ሲላት «አይደለም» ብላ መለሰች። ምን ትበል? አቶ ለገሠ ቅድመ አያቶቻቸው ከሸዋ መጥተው ሐረር የከተሙ፣ ለቅዱስ ሚካኤል የሚሳሉ ክርስቲያን ናቸው። እሷ ሙስሊም። ዘር ማንዘር ቢቆጠር ሁለቱ የትም አይገናኙም።

ነገሩ ግን በዘር የሚቆጠር አይደለም። ናፊያ በተወለደች ሰሞን ወይዘሮ ሳዳ በተስቦ ታመው ሆስፒታል ተኙ። አቶ ለገሠና ባለቤታቸው ወይዘሮ እልፍነሽ የዚያን ጊዜ ጀጎል ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤት ነበሩ፤ ወይዘሮ እልፍነሽም ልጃቸውን ኤልሳዕን ያጠቡ ነበር። የምታለቅሰዋን ሕፃን ወስደው በአንድ ጡት እሷን፣ በሌላው ልጃቸውን አጠቡ። ወይዘሮ ሳዳ ድነው ሲመለሱ የሰፈሩን ሼኽ ጠየቁ። ሼኹም «ያጠቧት ሴት እናቷ ናቸው፣ ባላቸው አባቷ፣ ኤልሳዕም ወንድሟ። ብታገባው ሐራም ነው» ብለው ጨረሱ። የአቶ ለገሠም ወገን «የጡት ልጃችን» ብሎ ተቀበላት። ብዙም ሳይቆይ የወለዳት አባቷ ዑመር ሞተ፤ ናፊያ በዕድሜዋ «አባባ» ብላ የጠራችው ሰው አቶ ለገሠን ብቻ ነው።

ማዕከሉ በቪዲዮ የደወለላቸው ቀን አቶ ለገሠ ተላጭተው፣ የሠርግና የጥምቀት ኮታቸውን ለብሰው ስልኩ ፊት ተቀመጡ። ናፊያ ደጅ ቆዪ ተባለች። እሳቸው ሆስፒታል ሲሠሩ በለመዱት እንግሊዝኛ ሥራዋን አመሰገኑ፣ ታማኝነቷን መሰከሩ። «ከመቼ ጀምሮ ያውቋታል?» ሲባሉ ግን ደረታቸውን ነፍተው «ከተወለደች ጀምሮ! ልጄ ናት እኮ። ባለቤቴ ናት ያጠባቻት» አሉ። ነገሩን ያጠነከሩ መስሏቸው ነው። በዚህ አገር ዘመድ የሌለውን ሰው ማን ያምነዋል? አንድ ሽማግሌ በሰው ፊት «ልጄ ናት» ካለ ዋስ ሆነ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጥያቄ የለም።

እዚያ ማዶ ግን ሌላ ነው። ኢሜይሉ እንዲህ ይል ነበር፦ ምስክሬ ዘመዴ አይደለም ብለሽ ፈርመሻል፤ ምስክርሽ ደግሞ አባትሽ መሆናቸውን ተናግረዋል። እስከ ዓርብ ድረስ ዝምድና እንደሌላችሁ የሚያረጋግጥ፣ በእሳቸው የተፈረመ ወረቀት ካልደረሰን ቅጥሩንም የቪዛውን ስፖንሰርም እንሰርዛለን።

አቶ ለገሠ ወደ ረፋዱ ላይ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሲገቡ ናፊያ ሰላምታውንም አላስቀደመች።

«አባባ፣ ምን ብለሃቸው ነው? ወላሂ ገደልከኝ!»

«ምን አልኩ? ያለውን ነው ያልኩት።»

«የጠየቁህ ሥራዬን! ጡቱን ማን ጠየቀህ?»

ኢሜይሉን አነበበችላቸው። አቶ ለገሠ መነጽራቸውን አውልቀው እስክትጨርስ ሰሙ። ከዚያ ፊታቸው ቀላ።

«እና አንቺ ቀድመሽ 'አይዛመደኝም' ብለሽ ፈርመሽ ኖሯል?»

«እነሱ የሚሉት የደም ዝምድናን ነው!»

«እኔ ደሙን አልጠየቅኩሽም። ሳትነግሪኝ ነው ወይ ከቤቴ የወጣሽው?»

«አቦ ተወኝ አባባ! የደከምኩበት ሁሉ አፈር ሊበላ ነው፣ አንተ ታኮርፋለህ። ሁለት መስመር ጻፍልኝ፣ በቃ።»

«በዚህ ዕድሜዬ ሐሰት አልፈርምም። ቅዱስ ሚካኤልን አልፈርምም!» ብለው ገበያተኛው ሁሉ እስኪሰማ ጮኹ። የመድኃኒት ቤቱን ማኅተም ከመሳቢያ አውጥተው ኪሳቸው ከተቱና ወጥተው ሄዱ።

ናፊያ ቤት ስትገባ ወይዘሮ ሳዳ ወሬውን ቀድመው ሰምተዋል። ጀጎል ውስጥ የተጮኸ ነገር ከጮኸው ሰው ቀድሞ ቤት ይደርሳል። እናቷ ይደግፉኛል ብላ ነበር።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ» አሏት ከመደቡ ሳይነሱ። «ሼኹ የፈረዱትን ፈረንጅ ይሽረው? ስትወለጂ ያቺ ሴት ባትኖር ዛሬ አንቺም የለሽ፣ ቅጽሽም የለ።»

«እማ፣ እኔ ካድኩ እንዴ? አንድ ወረቀት ነው!»

«ወረቀት ከሆነማ ለምን ታለቅሻለሽ?»

እያለቀሰች መሆኗን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። የበለጠ ተናደደች። የተናደደችው በእናቷ አልነበረም፣ በአቶ ለገሠም አልነበረም። የተናደደችው «አዎ» እና «አይደለም» ብቻ ባለው ቅጽ ላይ ነው። ዕድሜ ልኳን ሁለት እናት ይዛ መኖሯ ለማንም አስቸግሮ አያውቅም። እነሱ ግን አንዱን ደምስሽልን፣ ከዚያ እናምንሻለን አሏት። እንዲህ እንዲህ ነው፣ የጡት ዝምድና የሚባል ልማድ አለን ብላ ረጅም ማብራሪያ ጽፋላቸው ነበር። «እናመሰግናለን፣ የተፈረመውን ወረቀት እንጠብቃለን» አሏት።

ሐሙስ ከሰዓት ወረቀቱን ራሷ ጽፋ፣ አትማ፣ ወደ አቶ ለገሠ ቤት ሄደች። ወይዘሮ እልፍነሽ ጥግ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ፤ ቀና ብለው አይተዋት ቃል ሳይተነፍሱ ወደ ምስራቸው ተመለሱ። ናፊያ እንደ ልማዷ ሻሽዋን ከራሷ ላይ ወደ ትከሻዋ ጣል አደረገች። በባዕድ ወንድ ፊት ፀጉሯን አትገልጥም፤ በዚህ ቤት ግን ባዕድ አልነበረም።

«አባባ፣ ነገ ዓርብ ነው።»

አቶ ለገሠ ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡት። በእንግሊዝኛ የተጻፈው አጭር ነው፦ እኔ ስሜ ከታች የተጠቀሰው፣ ከአመልካቿ ጋር የጋብቻም ሆነ የሥጋ ዝምድና የለኝም፤ አባቷም አይደለሁም። የመጨረሻዋ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ጫኑባት።

«ይቺንም ጨመርሽ?»

«እነሱ ናቸው ጨምሪ ያሉኝ።»

ሽማግሌው እስክሪብቶ አወጡና ጠረጴዛው እስኪናወጥ ተጭነው ፈረሙ፤ ማኅተሙንም ከኪሳቸው አውጥተው ረገጡበት። ወረቀቱን ሲዘረጉላት ፊቷን አላዩም።

«እንኪ። በይ እንግዲህ ተሸፈኚ፤ የባዕድ ሰው ቤት ነው ያለሽው።»

ናፊያ ሻሽዋን አንስታ ጠቅልላ፣ ፀጉሯን አንድ ሳታስቀር ሸፍና፣ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። ወይዘሮ እልፍነሽ ያን ጊዜም ከምስሩ ቀና አላሉም። በጀጎል ቀጫጭን መንገድ ስትወርድ ሰላም ላላት ሰው ሁሉ አልመለሰችም፤ እቤት ደርሳ ወረቀቱን ፎቶ አንስታ ላከችው።

መልሱ በሚቀጥለው ሳምንት መጣ። ረክተዋል፤ የስፖንሰሩ ሰነድ እየተዘጋጀ ነው፤ እንኳን ደስ ያለሽ። ናፊያ የምትዘል መስሏት ነበር። ስልኩን መደቡ ላይ አስቀምጣ እጇን ስታይ ቆየች። ይህን ሁሉ ጊዜ የለፋችበት ደስታ በሩን አንኳኩቶ ሲገባ ተቀባይ አጣ። ወይዘሮ ሳዳ «አልሐምዱሊላህ» አሉና «ሄደሽ ንገሪያቸው» አሏት።

«ምን ብዬ? ባዕድ ናችሁ ብዬ አስፈርሜ በምን ፊቴ?»

«በዚያው ፊትሽ።»

ሄደች። ደጁ ላይ ደርሳ ግን መግባት አቃታት። በዚህ በር አንኳኩታ ገብታ አታውቅም፤ ዛሬ አንኳኳች። ከውስጥ የአቶ ለገሠ ሳል ተሰማ። ናፊያ ሻሽዋን እንደያዘች ቆመች፤ ታውርደው ይሆን ትተወው አላወቀችም። በሩን የከፈቱት ወይዘሮ እልፍነሽ ናቸው። ከራሷ እስከ እግሯ አዩአት።

«ከመቼ ወዲህ ነው የምታንኳኪው?»

«እማማ… ተቀበሉኝ። ስፖንሰሩ ተፈቀደ። ልነግራችሁ ነው… መግባት ካልተፈቀደልኝም እመለሳለሁ።»

ወይዘሮ እልፍነሽ ያን ሁሉ ሰሞን አፋቸውን ዘግተው ኖረው፣ የዚያን ዕለት ገነፈሉ። ወደ ውስጥም ወደ ውጭም እንዲሰማ አድርገው ነው የተናገሩት።

«ምን ያለ ጉድ ነው! አንቺ ለፈረንጅ ፈረምሽ። ሽማግሌው አኩርፎ ፈረመ። እናትሽ ሼኽ ጠራች፣ እሱ ሚካኤልን ጠራ። ሁላችሁም ስትጮሁ ሰማሁ። ጡቱ የማን ነው? የለገሠ ነው? የሼኹ ነው? ያጠባሁት እኔ! እኔን አንድ ሰው 'አንቺስ ምን ትያለሽ' ብሎ ጠይቆኛል?»

«እማማ፣ እነሱ የጠየቁት…»

«እኔ አልፈረምኩም!» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ። «ሰማሽ? አንተም ስማ እዚያ ውስጥ! እኔ ምንም ላይ አልፈረምኩም።» ከዚያ እጇን ጨብጠው ጎተቷት። «ግቢ አሁን፣ ጎረቤት እያየን ነው።»

ናፊያ ገባች።