ያለምወርቅ መስኮቷን የከፈተች ዕለት

ያለምወርቅ፣ ልጅ የሚያሳምም ነገር ሁሉ በመስኮት የሚገባ ይመስላታል። ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ስላደገች አይፈረድባትም። ኡጋንዳ፣ ዋንዴገያ በሚባል ሰፈር በተከራየቻት አንዲት ክፍል ውስጥ ልብስ እየሰፋች ስትኖር፣ የመስኮቱን ዳር ዳር በጨርቅ ቁርጥራጭ ወትፋዋለች። የስድስት ዓመት ልጇ ሀዊ ማሳል ስትጀምር ደግሞ መጋረጃ ደረበችበት።

"ካትዌ ሰፈር ቀኑን ሙሉ የሰው መስኮት ስበይድ እውላለሁ፤ ቤቴ ስገባ መስኮት የለኝም" ይላል ባሏ ሶሬሳ።

"አንተ ምን አለብህ። ነፋስ የሚመታው ልጄን ነው።"

ዝናቡ ሲበረታ ሀዊ ስትተነፍስ ደረቷ ያፏጭ ጀመር። ያለምወርቅ ዝንጅብል በማር አፍልታ አጠጣቻት፤ አልጋዋንም ከበሩ አርቃ ወደ ቁምሳጥኑ ጥግ አስጠጋችላት። ደጅ ስለሚዘንብ የታጠበውን ልብስ እዚያው ክፍል ውስጥ በገመድ ላይ አሰጣች። ሀዊ ትምህርት ቤት ስትውል ይሻላታል፣ ቤት ስታድር ይብስባታል። እናቷ ግን "መንገድ ላይ ነው ብርድ የሚመታት" ብላ ከትምህርት ቤት አስቀረቻት። በዚያ ሳምንት ልጅቷ ሁለት ቃል ተናግራ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር።

ጎረቤቷ ፌኒ መንገድ ዳር ቻፓቲ የሚባለውን ቂጣ የምትጋግር ኡጋንዳዊት ናት። ቀሚስ ልታሳጥር መጥታ በሩ ላይ አፍንጫዋን ያዘች።

"ማማ ሀዊ፣ እዚህ ቤት ዓሣ ልታረቢ ነው?"

"ልጄ ታማብኝ ትቀልጃለሽ?" አለች ያለምወርቅ፤ እንባዋም መጣ።

ፌኒ ሽታውን ተከትላ ቁምሳጥኑን ከግድግዳው ሳበችው። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ጥቀርሻ የተቀባ ይመስል በሻጋታ ጠቁሯል። የሀዊ ፍራሽ ጠርዝም እንደዚያው።

ክሊኒክ ወሰዷት። ነርሷ ሀዊን በጭምብል መድኃኒት እንድትስብ አደረገቻትና ወደ እናትየው ዞረች።

"መድኃኒቱ ያስታግስላታል፤ ቤቱ ካልደረቀ ግን ይመለስባታል። መስኮት ትከፍታላችሁ?"

"እንዴት እከፍታለሁ? ልጅቷ ታማለች እኮ።"

ነርሷ ሶሬሳን አየችው። ሶሬሳ ጣሪያውን አየ።

እሁድ ሀዊ ፌኒ ቤት ዋለች። ሶሬሳ ውሃ የሚያፈሰውን አሸንዳ ደፈነ፤ ከዚያ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ግድግዳውን በሳሙና ውሃ ፈተገና አደረቀው። ፍራሹ ተጣለ። መስኮቱ ለያለምወርቅ ቀረ። የወተፈችውን ጨርቅ አንድ በአንድ ነቀለች፤ መቀርቀሪያው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

"ትንሽ ብቻ ልክፈተው" አለች።

"ሙሉውን።"

"ግማሹን።"

በግማሽ ተስማሙ። ነፋሱ ሲገባ ያለምወርቅ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናነበች።

"አሁን የታመመው ማነው?" አለ ሶሬሳ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቀች።

ያ ከሆነ ወራት አልፈዋል። ልብስ የሚሰጣው ደጅ ነው፤ ቁምሳጥኑም ከግድግዳው ራቅ ብሎ ቆሟል። ሀዊ ጉንፋን ሲይዛት አሁንም መድኃኒቷን ትስባለች፣ ፉጨቱ ግን በየቀኑ መሰማቱን ትቷል። ትናንት ከትምህርት ቤት መጥታ በመስኮቱ ብቅ አለች።

"እማዬ፣ ከፌኒ ልጆች ጋር እስከ መንገዱ ልሽቀዳደም?"

ያለምወርቅ የስፌት መኪናዋን አቁማ የልጅቷን ትንፋሽ አዳመጠች።

"ሩጪ" አለቻትና ቀሚሱን መስፋት ቀጠለች።