የእትዬ ዘነበች ዳጣ

ይህን ለሚስቴም ነግሬ አላውቅም። ነገሩ የአሳና የዳጣ ነው ብላችሁ እንዳትስቁብኝ፤ ሰው ጎድቼበታለሁ።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ሥራ አጥቼ፣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ የሚባለው ሰፈር፣ መናኸሪያው አጠገብ ባለ ፔንሲዮን እንግዳ ተቀባይ ሆንኩ። ከገበያው ጀርባ እትዬ ዘነበች የሚባሉ ሴት አሳ ቤት ነበራቸው፤ አራት አግዳሚ ወንበር ብቻ። ጠዋት ከጫሞ ሐይቅ የመጣው አሳ ተጠብሶ ከዳጣቸው ጋር ይቀርባል። ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ በድንጋይ የተፈጨ ነው። በመጀመሪያው ጉርሻ እንባዬ መጣ፣ በሁለተኛው አፍንጫዬ፣ በሦስተኛው «ይጨመርልኝ» አልኩ። እሳቸው ቆመው ሳቁብኝ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል።

መጀመሪያ እንግዶቼን ሁሉ ወደዚያ እልክ ነበር። አንድ እሁድ ስሄድ ግን የላክኋቸው ሰዎች ቦታዬን ይዘው፣ ዳጣውንም ጨርሰውት አገኘሁ። ተናደድኩ። ከዚያ ወዲህ እንግዳ «የሚያቃጥል ምግብ የት ይገኛል?» ባለኝ ቁጥር ወደ ትልልቆቹ ሆቴሎች መራሁት። ስለ እሳቸው ቤት ሰምቶ የመጣ ካለም «ዛሬ አሳ አልገባላቸውም» አልኩ። ዋሸሁ። አንድ ቀን አይደለም፣ ደጋግሜ ዋሸሁ። ቤቱን ስለምወደው ነው እል ነበር ለራሴ። የሚወድ ሰው እንዲህ ያደርጋል?

አብዛኛው ተመጋቢያቸው ከእኛ ፔንሲዮን የሚሄድ ስለነበር ወንበሮቹ ባዶ ሆኑ፤ እኔም ተመቻችቼ በላሁ። አንድ ቀን ምሳዬን አቅርበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ሰው ጠፋ እኮ። ዳጣዬ በዛባቸው እንዴ?»

ያኔ እውነቱን መናገር እችል ነበር። «ለእንግዳ ትንሽ ሳይከብድ አይቀርም» አልኳቸው።

በማግስቱ ቃሪያውን ቀነሱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩትን ዳጣ በእኔ ቃል አበላሹት። ሰው ግን አልመጣም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ቤቱ ተዘጋ።

ባለፈው ሳምንት ገበያ ላይ አገኙኝና አቅፈው ስመው፣ አሁን ወደሚኖሩበት ወደ ልጃቸው ቤት ይዘውኝ ሄዱ። አሳና ዳጣ አቀረቡልኝ። ዳጣው አላቃጠለኝም።

«አንተ ከነገርከኝ ወዲህ ቀንሼ ነው የምሠራው» አሉኝ። «ሁሉም ሲተወኝ አንተ ብቻ ነህ ያልቀረኸው።»

ሳህኑን ጠርጌ በላሁ።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ አመሰገኑኝ።