በማድ ቤቱ ጥግ የጠፋው ርክርክ

ሜሽ ዋይፋይ በገባበት ቤት ኢንተርኔት አይቆረጥም ይላሉ። ይቆረጣል። እንዲያውም ከድሮው ይልቅ በዘዴ ይቆረጣል፤ ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ጠፍቶ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ይመለሳል። የድሮው ራውተር ቢያንስ ሲጠፋ መጥፋቱን አይደብቅም ነበር።

የምኖረው ጎንደር፣ በአባቴ ግቢ ውስጥ ነው። ቤቱ አያቴ ያሠራው የድንጋይ ቤት ነው፤ የግድግዳው ውፍረት ክንድ ተኩል ይሆናል። ራውተሩ ሳሎን ነበር። እኔ የምጽፍበት ክፍል ደግሞ ከኋላ፣ ከማድ ቤቱ ማዶ ስለሆነ ምልክቱ እኔ ዘንድ የሚደርሰው ሊሞት ሲያጣጥር ነው።

አባቴ የዜማ መምህር ናቸው። ሰማንያን ተሻግረዋል፤ ጉልበታቸው ቤተ ክርስቲያን አላደርስ ካላቸው ወዲህ የሚያስተምሩት በስልክ ነው። የቀራቸው ተማሪ አንድ ብቻ ነበር፤ ማክሰኝት አጠገብ ባለ የገጠር ደብር የሚያገለግል፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ዲያቆን። ዘወትር ከሰዓት በኋላ በኢንተርኔት ይደውልና የዐቢይ ጾሙን የዜማ መጽሐፍ፣ ጾመ ድጓን ያዜማል፤ አባቴ ያርማሉ። ደብሩ ዜማ የሚመራ መሪጌታ አልነበረውም። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት አባቴ “በቅቷል” ካሉ ቦታው የዲያቆኑ ነው፤ ካላሉ ደብሩ ሌላ ሰው ይፈልጋል።

አባቴ ሳሎን ተቀምጠው ማስተማሩን አልወደዱትም። እንግዳ ይገባል፣ ቴሌቪዥን ይጮኻል። “እንደ ጥጃ ታሰርሁ” ይሉ ነበር። እኔም ይህችን ምሬት ይዤ ፒያሳ ወረድሁ። እውነቱን ለመናገር ያሳሰበኝ የራሴ ክፍል ነበር፤ የአባት ምሬት ግን ለማናቸውም ግዢ ጥሩ ምክንያት ይሆናል።

ባለሱቁ ቤተሰባቸው ከጥንት ጀምሮ በንግድ የኖረ ሐጂ ናቸው። ሦስት ነጫጭ የሜሽ ሳጥኖች ጠረጴዛው ላይ ደረደሩልኝ።

“እነዚህ ምልክቱን እየተቀባበሉ ቤቱን ያዳርሱታል” አሉኝ። “ስልክህን ይዘህ ስትዘዋወር አንዱ ለሌላው ያስረክብሃል።”

“የኛ ግድግዳ እኮ ክንድ ተኩል ነው፣ ሐጂ።”

“አውቃለሁ። ለአያትህ ኖራውን የሸጠለት የኔ አያት ነው። ያኔም ‘ይበዛል፣ ተው’ ብሎት ነበር።”

አንዱን ሳጥን ሳሎን፣ አንዱን አባቴ መኝታ ቤት፣ አንዱን እኔ ክፍል ሰካሁ። ግድግዳው ምንም አላለም። እኔ ከአልጋዬ ሳልነሳ የዓለምን ጋዜጣ ማገላበጥ ጀመርሁ። አባቴም ነፃ ወጡ፤ ስልካቸውን ጋቢያቸው እጥፋት ውስጥ አድርገው፣ ከመኝታ ቤታቸው በር እስከ ማድ ቤቱ ጥግ በረንዳውን ይመላለሱበት ነበር። ዜማ ሲሰሙ መንጎራደድ የድሮ ልማዳቸው ነው። እግራቸው ከዜማው ጋር ስለሚሄድ እርምጃቸው አይፈጥንም፣ አይዘገይም።

ብዙም ሳይቆይ ቁጣው ተጀመረ።

“ርክርኩን ዋጥኸው!”

ርክርክ ከዜማ ምልክቶች አንዱ ነው፤ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ ደረጃ በደረጃ ወረድ ወረድ የሚልበት ቦታ። ተማሪው እሱን ዘሎ ካለፈ አልተማረም ማለት ነው። ዲያቆኑ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ይደግማል፣ አባቴ እንደገና ይቆጣሉ። እንዲህ እየሆነ አምስት ሳምንት አለፈ። እኔ ሁሉንም ከክፍሌ እሰማለሁ። ዲያቆኑ ሰነፍ ነው ብዬ ደመደምሁ፤ ስለ ትምህርት መውደቅ አንድ ጽሑፍ እስከመጀመርም ደርሼ ነበር።

ጾሙ ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጤፍ ልገዛ ማክሰኝት ሄድሁ። አባቴ መልእክት ላኩኝ፤ “ርክርኩን ካላስተካከለ ቃሌን አልሰጥም፣ በለው።” ዲያቆኑን ያገኘሁት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ከደብሩ ሽማግሌ ጋር ቆሞ ነው። መልእክቱን እንደወረደ፣ ሽማግሌው እየሰማ ነገርሁት። በዚያች ሰዓት ግልጽነት መስሎኝ ነበር።

ዲያቆኑ ቤቱ ወሰደኝ። ሰዓቱ ሲደርስ አባቴ ዘንድ ደወለና ማዜም ጀመረ። እኔ ከዜማ ቤት ሸሽቼ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ቢሆንም ርክርክ መኖር አለመኖሩን አላጣውም። ነበር። አንድም ሳይጎድል፣ ጥርት ብሎ።

“አሁንም ዋጥኸው!” አሉ አባቴ በስልኩ።

“ይቅር ይበሉኝ፣ የኔታ።”

ስልኩ እንደተዘጋ ዞርሁበት። “ምነው ዝም አልህ? አስተካክለህ ነው ያዜምኸው፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።”

“የኔታ አልሰማሁም ካሉ አላልሁም ማለት ነው፣ ጋሼ።”

“መስመሩ ይሆናላ!”

“መስመር ርክርክ መርጦ ይቆርጣል?” ብሎ ሳቀ። “ሌላውን ሁሉ እኮ ይሰሙታል። ግድ የለም፣ አሁን ዘዴ አግኝቻለሁ። ሁለት ጊዜ እደግመዋለሁ፤ አንዱ ቢዋጥ አንዱ ይተርፋል። ባለፈው እንዲያ ሳደርግ ‘ሸጋ ነው’ ብለውኛል። ዛሬ እርስዎ ስላሉ አፍሬ ነው።”

አነጋገሩ ቀልድ ይመስላል። በዜማ ግን መጨመር ከመቀነስ አይሻልም። ሰውየው የሚያውቀውን ዜማ ለመምህሩ ክብር ብሎ እያበላሸው ነበር።

እቤት እንደተመለስሁ ደወልሁለትና ከአንድ እስከ ሃያ ቀስ ብሎ እንዲቆጥርልኝ ጠየቅሁት። እኔ ስልኬን ይዤ በአባቴ እርምጃ በረንዳውን ሄድሁበት። ማድ ቤቱ ጥግ ስደርስ “አሥራ አንድ” የለም። ተመልሼ ሞከርሁ፤ እዚያው ጥግ ላይ አሁንም አንድ ቁጥር ጠፋ። ቁጭ ብዬ ስሰማ ሃያውም ደረሱኝ። ስልኩ እዚያ ጥግ ላይ የአባቴን ክፍል ሳጥን ለቆ የኔን ይይዛል፤ በመልቀቅና በመያዝ መካከል ያለችው ዝምታ አንድ ርክርክ ታህላለች። አባቴ ደግሞ ዜማው ሲጀመር ሁልጊዜ ከበራቸው ስለሚነሱ፣ ርክርኩ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ጥግ ላይ ናቸው።

ገብቼ ነገርኋቸው።

“አባባ፣ ርክርኩን የሚውጠው ዲያቆኑ አይደለም። ማሽኑ ነው።”

“የትኛው ማሽን?”

“እኔ ያመጣሁት።”

“ለኔ ብለህ ያመጣኸው?”

“አዎ።”

“ታዲያ አንዱ ምነው አንተ ራስጌ ተቀመጠ?”

መልስ አልጠበቁም። “አምስት ሳምንት ትክክል ነበር ማለት ነዋ” አሉ። “እሱስ ምነው አልነገረኝ?”

“እርስዎን ማን ደፍሮ ይናገራል?”

“አንተ ስንቱን ትናገረኝ የለም እንዴ!”

ዲያቆኑ በማግሥቱ ጠዋት ተጠርቶ መጣ። ፊታቸው ቆሞ አዜመ፤ ርክርኩ ላይ ሲደርስ ደገመው። አባቴ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ አንድ ጊዜ መቱ።

“ይህን ከየት አመጣኸው?”

ዲያቆኑ አቀረቀረ። የሚደግመው አንዱ ቢዋጥ አንዱ እንዲተርፍለት መሆኑን በሱ ፈንታ የተናገርሁት እኔ ነኝ። አባቴ ሰምተው አልተቆጡም፤ “በል፣ እንደተማርኸው” ብቻ አሉ። ሞከረ፣ ደገመው። እንደገና ሞከረ፣ አሁንም ደገመው። ምላሱ ለምዶበታል። ከጠዋት እስከ ቀትር የዋሉት አንድ ትርፍ ርክርክ ለማስጣል ነው። በመጨረሻ አንዴ ብቻ አለውና አለፈ፤ እስከ መዝጊያው ሄደ።

“በቅቷል” አሉ አባቴ።

ጉልበታቸውን ስሞ ተነሣ። ቃላቸውን በወረቀት የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ፈረሙበት፤ ዲያቆኑ ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ በዚያው ቀን መኪና ያዘ።

ደብሩ ግን ሌላ ሰው ይዞ ነበር። ሽማግሌው በሩ ላይ ከኔ የሰማውን ወስዶ ለደብሩ ሰዎች ነግሯል፤ የኔታ ያልመሰከሩለትን ሰው እስከ ጾሙ ዋዜማ መጠበቅ አልፈለጉም፤ ከትክል ድንጋይ ከተማ በኩል ሌላ አስመጥተው ቃል ገብተውለታል። ስህተት አልሠሩም። በጆሯቸው የደረሰው ያ ነው።

ዲያቆኑ ደውሎ ለአባቴ ነገራቸው። ተቀምጠው ነበር የሰሙት። “ፈቃዱ ይሁን፣ የኔታ” አለ፤ ድምፁ ላይ የቅሬታ ምልክት አልነበረም። አባቴ ይቅርታ ለመጠየቅ አስበው ሳይሆን አይቀርም፤ ከአንድ መምህር አፍ ሲወጣ ሰምቼ የማላውቀው ቃል ስለሆነ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ዝግ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ተናገሩና፣ “ሰማኸኝ?” አሉት።

“አዎ፣ የኔታ” አለ ዲያቆኑ። መስማቱን ግን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እሱ ባይሰማም አዎ ይላል።

አንተ አንባቢ፣ መስመር ሲቆረጥብህ “አዎ፣ አዎ” አትበል። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ማንም ይሁን ማን፣ ተቆረጠብኝ ብለህ ንገረው።