የመጽሐፍ ወዳጃ

ኡሙሃኒ ቆቦ መጥታ ግቢዬ ውስጥ አንዲት ክፍል ስትከራይ፣ ዕቃዋን ያመጣው ጋሪ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። መጀመሪያ አልጋና ድስት፣ ቀጥሎ መጽሐፍ ብቻ። ጋሪ ነጂው ካርቶኑን እያቃሰተ ሲያወርድ ድንጋይ ነው ወይ የጫንሽኝ ቢላት፣ ካነበብኸው ይቀልልሃል አለችው። እኔ በራፌ ላይ ቆሜ ሳቄን በነጠላዬ ሸፈንሁ። ይቺ ልጅ ቤቴን ታሞቀዋለች ብዬ አሰብሁ፤ አልተሳሳትሁም።

የዋጃ ልጅ ናት። አባቷ አስፋልቱ ዳር ሱቅ ነበረው፤ ስኳርና በርበሬ በአሮጌ ጋዜጣ እየጠቀለለ ይሸጣል። ማንበብ የለመደችው በዚያ ጋዜጣ ነው። ወሬው መሃል ላይ ተቀዶ ሲቀርባት፣ ቀሪውን ፍለጋ ስኳር የገዛውን ሰው እስከ ቤቱ ትከተለው ነበር። አንድ ቀን የበርበሬ መጠቅለያ ዓይኗ ሥር አድርጋ ስታነብ ዓይኗ ተቃጥሎ ታለቅሳለች። እናቷ ደንግጣ፣ ማን ሞተ ይላል ብላ ጠየቀቻት አሉ።

አድጋ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ የቤተ መጻሕፍት ሙያ ተምራ ተመረቀች። የአባቷ ወንድም በምርቃቱ ቀን ፍሪዳውን እየበላ፣ ፍየል እንኳ ያለ ዲግሪ ይጠበቃል፣ ለመጽሐፍ ጥበቃ ይሄን ያህል ዓመት ምን ያደርጋል አለ። እሷም፣ ፍየል የጠፋበት ሰው ይፈልጋል፣ መጽሐፍ የጠፋበት ግን መጥፋቱንም አያውቅም አለችው። አጎቷ ፍሪዳውን ወደ መብላቱ ተመለሰ።

ከከተማችን ዳር የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲከፈት ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀጠረች። ሕንጻው ፎቅ ነው፤ ከላይ አንድ ሰፊ አዳራሽ አለ። ያን አዳራሽ ስታይ ልቧ እዚያው ቀረ። የንባብ ክበብ አቋቋመች፤ ግጥም የሚነበብበት ከሰዓት በኋላ፣ የጥያቄና መልስ ውድድር፣ የባህል ቀን አዘጋጀች። የሚመጣው ሰው ግን ያሳዝን ነበር። ግጥሙ ሲነበብ የመጡት ልጆች ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ ነበር የመጡት፤ መብራት ሲጠፋ የግጥሙም ሰሚ ጠፋ። ለባህሉ ቀን ልጃገረዶች በነሐሴ የሚጨፍሩትን የሶለል ጨዋታ የሚያውቁ ቆነጃጅት ጠርታ ከበሮ ቢመታ፣ ታች የሚያጠኑት ተማሪዎች ፈተና አለብን ብለው በፊርማ ከሰሷት። እሷ ግን ማታ ማታ እየመጣች፣ «እማማ፣ ዛሬ ከትናንትና ይሻላል» ትለኛለች። ምኑ እንደሚሻል አልጠይቃትም ነበር። ወጥ እጨምርላታለሁ እንጂ።

የግቢው ኃላፊ አቶ ፍሬሰላም የቆቦ ልጅ ነው፤ ከሕፃንነቱ አውቀዋለሁ። ክፉ ሰው አይደለም። ስብሰባ ይወዳል፤ በሽታው ያ ብቻ ነው። አንድ ቀን ኡሙሃኒን ጠርቶ፣ አዳራሹ ባዶውን ከሚውል የስብሰባ ክፍል ላደርገው ነው አላት። ለመነችው። በመጨረሻ፣ «የሚቀጥለው ዝግጅት ላይ አዳራሹ ከሞላ ያንቺ ነው፤ ካልሞላ ወንበርሽን አንሥተሽ ታች ትወርጃለሽ» አለ። ትልቁን የስብሰባ ጠረጴዛም ወዲያው አስመጥቶ ደረጃው ሥር አስቀመጠው። ያቺ ጠረጴዛ፣ ኡሙሃኒ ጠዋት ጠዋት ስትገባ፣ እንደ አበዳሪ ቆማ ትጠብቃት ነበር።

ዓመተ ምሕረቱ ሁለት ሺህ ስምንት ነው። ባለፈው ክረምት ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ቆሞ ደርቋል፤ በልጉም ዘግይቶ ሰማዩ እንደ ተወለወለ ትሪ ያበራል። ኡሙሃኒ ዝግጅቷን «የመጽሐፍ ወዳጆች ቀን» ብላ ሰየመችው። ማስታወቂያውን ጽፋ ለእኔ አሳየችኝ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በጎልማሶች ትምህርት፣ የልጅ ልጆቼ ከእኔ ቀድመው ካነበቡ በኋላ ነው፤ ንባቤ እንደ ግመል ነው፣ ይዘገያል እንጂ ይደርሳል። አነበብሁት፤ ምንም ስሕተት የለበትም። ስሕተቱ የመጣው ከአላምረው አፍ ነው።

አላምረው ባጃጅ ይነዳል፤ ድምፅ ማጉያ ስላለው የእርዳታ እህልም የክትባት ቀንም የሚለፍፈው እሱ ነው። ወረቀቱን በአንድ ዓይኑ፣ መንገዱን በአንድ ዓይኑ እያየ ሲነዳ፣ «ወዳጆች» የሚለው «ወዳጃ» ሆነበት። ወዳጃ በእኛ አገር ሰው ሲጨንቀው፣ ዝናብ ሲቀር፣ ልጅ ሲታመም ተሰብስቦ የሚለማመንበት ዱአ ነው። ሸሁ ይመርቃል፣ የተቀመጠው አሜን ይላል። እስላሙ ይጠራዋል፣ ክርስቲያኑም አይቀርበትም። እንግዲህ በዚያ ድርቅ መሃል አላምረው ከቆቦ እስከ ጎብዬ፣ በገበያ ቀን፣ ታላቅ የመጽሐፍ ወዳጃ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ይደረጋል፣ ማንም እንዳይቀር እያለ ለፈፈ። እኔም ሰማሁት። ይቺ ልጅ ዛሬ ገና ብልሃት ገባት ብዬ ንጹሕ ቀሚሴን አወጣሁ።

በቀኑ ስደርስ የግቢው በር ጥምቀት መስሏል። ዱላ የያዙ ሽማግሌዎች፣ ዳቦ የተሸከሙ ሴቶች፣ ጫት በኮባ የጠቀለሉ ጎልማሶች፤ አንዱ ገበሬ ደግሞ ከጎብዬ ማዶ ለዱአው የሚሆን በግ እየጎተተ መጥቷል። ዘበኛው ካሳ መታወቂያ መጠየቅ ጀምሮ ነበር። ከሰልፉ ውስጥ የገዛ አክስቱ ወጥታ፣ «አንተ፣ እኔን ማን ነሽ ልትለኝ ነው?» ስትለው ግን በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ሽማግሌዎቹ በሥርዓት ዱላቸውንና ጫታቸውን ቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ያለው ቦርሳ ማስቀመጫ ላይ ደረደሩ። ግድግዳው ላይ ቦርሳ ይዞ መግባት ክልክል ነው ይላል። ስለ በግ የሚለው ነገር ስለሌለ በጉ ፎቅ ወጣ።

አዳራሹ ሞላ። ወንበር አልቆ ሰው ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ሁካታውን የሰሙ ተማሪዎች ደግሞ በርና መስኮቱን ያዙት። ኡሙሃኒ መድረኩ አጠገብ ቆማ መጀመሪያ ፊቷ በራ፤ ቀጥሎ ሸህ ሙሀመድሰይድን አየች። ሸሁ የቆላው ሁሉ መራቂ ናቸው፤ የሙሰብሐ መቁጠሪያቸውን ይዘው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ቀጥሎ በጉን አየች። ያን ጊዜ ገባት። አቶ ፍሬሰላም ሰው እየዘለለ መጥቶ፣ ይሄ ምንድን ነው ብሎ በጆሮዋ ተናገራት። እሷ ግን ንግግር ሊያደርግ ለተጋበዘው መምህር ማይኩን ሰጠችው። ጊዜ መግዛቷ ነበር።

መምህሩ ከሌላ ከተማ የመጣ፣ መነጽር ያደረገ፣ ጽሑፉን በላስቲክ የያዘ ሰው ነው። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «የንባብ ባህላችን ከዕለት ወደ ዕለት እየሞተ ነው» አለ።

«አሜን» አለ አዳራሹ።

መምህሩ ቀና ብሎ አየና ቀጠለ። ወጣቱ መጽሐፉን ጥሎ ስልኩ ላይ ተደፍቷል አለ። አሜን አልን። መምህራኑም ቢሆኑ አያነቡም ሲል ከሁሉ የበለጠው አሜን ከተማሪዎቹ በኩል መጣ። ሸህ ሙሀመድሰይድ አዘኑለት። «ልጄ» አሉት ለስለስ ብለው፣ «እርግማን አታውርድብን። ወደ ምርቃት መልሰው።»

ሰውየው ምስኪን፣ ትንሽ አሰበና ወረቀቱን አጠፈ። ወጣቱ ያንብብ አለ። አሜን። መምህሩም ያንብብ። አሜን። መብራት አይጥፋ። ያን ጊዜ ሕንጻው ተነቃነቀ። የአንድ ሰዓቱን ንግግር ውሃ ጠጥተው በሚጨርሱበት ጊዜ ጨረሰው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ የተወደደ ምሁር ቆቦ አላየችም።

ከዚያ ሸሁ እጃቸውን ሊዘረጉ ሲሉ ኡሙሃኒ ማይኩን ያዘች። እኔ ከጎን ሆኜ አያታለሁ። ዝም ብትል አዳራሹ የእሷ ነበር። ከተናገረች ሰዉ ይነሣል፤ ጠረጴዛዋም ደረጃው ሥር ትጠብቃለች። ዝም በይ፣ አንቺ ልጅ፣ ብዬ በሆዴ ለመንኋት።

«አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ አፉ በሉኝ» አለች። «ይሄ ወዳጃ አይደለም። የመጽሐፍ ወዳጆች ቀን ነው ያልነው፤ በልፈፋው ላይ ተበላሸ። ለዝናብ ብላችሁ ደክማችሁ ነው የመጣችሁት፤ እኔ ያለኝ መጽሐፍ ብቻ ነው።»

የበጉ ባለቤት ገመዱን መጠቅለል ጀመረ። ከኋላ ጥቂቶች ተነሡ። አቶ ፍሬሰላም የተለቀቁትን ወንበሮች ሲያያቸው እኔ እሱን አየሁት። ፊቱ ላይ ስብሰባ ይታይ ነበር።

ሸሁ አልተነሡም። «ከዚህ ሁሉ መጽሐፍ ስለ ዝናብ የሚል የለም?» ብለው ጠየቁ።

«አለ፣ አባባ። ግን ዝናብ ያመጣል ብዬ አልዋሽዎትም።»

«እኔስ አመጣለሁ ብዬ አውቃለሁ? እለምናለሁ እንጂ። በይ አንብቢልን።»

ሮጣ ወርዳ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አመጣች። ደመና ከየት እንደሚነሣ፣ ተራራው እንዴት ቀድሞ እንደሚጠጣው፣ ለቆላው የሚተርፈው ጎርፍ እንዴት ወደ ማሳ እንደሚጠለፍ አነበበች፤ ከበድ ያለውን ቃል ወደ እኛ አፍ እየመለሰች። የተነሡትም በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። መጀመሪያ ጸጥ ብለው ሰሙ፤ ጎርፍ መጥለፉ ጋ ስትደርስ ግን የበጉ ባለቤትና ሌላ ገበሬ ተጣሉ። አንዱ መጽሐፉ ልክ ነው ይላል፣ ሌላው የጻፈው ሰው ጎርፍ አይቶ አያውቅም ይላል። አንድ ተማሪ ልታስታርቃቸው ሌላ መጽሐፍ ይዛ መጣች፤ ጭራሽ ጠቡ ሦስት ወገን ሆነ። ያ አዳራሽ ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ተነብቦበት አያውቅም።

አቶ ፍሬሰላም ግን ኡሙሃኒን ወደ ጎን ወስዶ፣ ከሞላ ያልሁት በአንባቢ ነው፣ ይሄ የገበያ ሰው ነው አላት። ከንፈሯን ነከሰች። የሚሰማ የለም ብሎ ነው እንጂ እኔ ከኋላው ነበርሁ።

በመጨረሻ ሸሁ፣ ዱአ ሳይደረግ አንለያይም ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ሁላችንም ዘረጋን። አቶ ፍሬሰላምም እናቱ እንዳሳደገችው ዘረጋ። ሸሁ ዝናቡን ለመኑ፣ አሜን አልን። ያነበበችውን አንደበት አላህ ያለምልመው አሉ፣ አሜን። ይሄን ቤት የከፈተ ይከበር አሉ፤ አቶ ፍሬሰላም ደረቱን ነፍቶ አሜን አለ። «የሚዘጋው አይኑር» አሉ ሸሁ፣ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ።

«አሜን» አለ አቶ ፍሬሰላም፣ ከሁላችንም ጮክ ብሎ። ምርቃት ሲጀምር ልጓም የለውማ።

ቀጥሎ የገዛ መዳፉን አየ። ሰዉም አየው። በእኛ አገር ፊርማ ይካዳል፤ ሽማግሌ ፊት የተባለ አሜን ግን አይካድም። የካደ ሰው ልጁን ለማን ይድራል? ሸሁ ዓይናቸውን ጨፍነው ምርቃቱን ቀጠሉ፤ አውቀው ይሁን ሳያውቁ እስከ ዛሬ አልነገሩንም።

ዝናቡ በዚያ ቀን አልመጣም፤ በዚያ ሳምንትም አልመጣም። በልጉ ለራሱ ሲመቸው መጣ። ጠረጴዛዋን ግን በማግስቱ አራት ሰው ተሸክሞ ወደ ሌላ ሕንጻ ወሰዳት። በጉን ባለቤቱ መልሼ አልወስድም ስላለ ወጥ ቤት ገባ፤ ተማሪዎቹ የንባብ ባህል ጣፋጭ ነው እያሉ በሉት።

ኡሙሃኒ የዝግጅቱ ዕለት አመሻሽ ላይ መጥታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ በራፌ ላይ ቁጭ አለች። ደስ ብሏት ታቅፈኛለች ብዬ ነበር፤ ፊቷ ግን ጨልሟል። ሰዉ በወሩ ተመልሼ እመጣለሁ ብሏታል፤ ወዳጃም እንዳልሆነ አውቆ።

«እማማ፣ ቀጥሎ ምን ላንብብላቸው?»

«ስለ ወገብ ሕመም አንብቢ» አልኋት። «የቆቦ ሴት አንዲት አትቀርም።»

ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ አገጯን በእጇ ይዛ አሰበች፣ አሰበች።

«በዚያ ወገባቸው ደረጃውን እንዴት አድርገው ይወጡታል?» አለችኝ።